ቪጎዬ ላይ ትልቅ ስቲሪንግ ራክ ልግጠም?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የ2012 (እ.ኤ.አ.) ቶዮታ ቪጎ ፒካፕ አለኝ። 3.0 ናፍጣ፣ ባለ አራት በር ነው። ቱሪስት ይዤ ኦሞና ባሌ እወርዳለሁ፣ አንዳንዴም አፋር። ፊቱን በስፔሰር (ሞላው ላይ በሚደረብ ማንሻ) 5 ሴንቲሜትር አስነስቼዋለሁ። ጎማውን ከ265/70 አር 16 ወደ 285/75 አር 16 ቀይሬ፣ ወደ ውጪ የወጣ ቸርኬ አስገጥሜያለሁ። አሁን መሪው ቀጥ ብሎ አይሄድልኝም፣ በየደቂቃው ማረም ነው። ድንጋይ ስነካ እጄን ይመታኛል። ከስር ኳ ኳ ይላል፣ የመሪ ዘይትም በየሳምንቱ እጨምራለሁ። አንዱ መካኒክ የቪኤይት ላንድክሩዘር ራክ ገጥመህ ተገላገል አለኝ። ሌላው ቶርኖ ቤት ይታደሳል ይላል። አውስትራሊያ ያለ ዘመዴ ደግሞ የተጠናከረ ራክ ልላክልህ ይለኛል። የቱን ልስማ?»

ሦስቱንም ለጊዜው አቆያቸው ወንድሜ። የነገርከኝ አንድ ችግር አይደለም፣ ቢያንስ አራት ነው። ሁሉም ግን ራኩ ላይ ተላክከዋል። መሪው ቀጥ ብሎ አለመሄዱ አንድ ነገር ነው። እጅህን መምታቱ ሌላ ነው። ኳኳታውና ዘይቱም የየራሳቸው ምክንያት ሊኖራቸው ይችላል። ራክ ብትቀይር ዘይቱ ይቆም ይሆናል፣ ምናልባት ኳኳታውም። የቀሩት ሁለቱ ግን ከጋራዥ በወጣህ በመጀመሪያው ቀን አብረውህ ይወጣሉ። ሰው «አዲሱም ራክ አይረባም» ብሎ ሁለተኛ ራክ የሚገዛው እንዲህ ሲሆን ነው።

እስቲ መጀመሪያ ጉልበቱ በየት እንደሚሄድ እንይ። ራክ ከሞተሩ ስር አግድም የተኛ፣ ጥርስ ያለው ዘንግ ነው። ከመሪው የሚወርደው ዘንግ ጫፉ ላይ ፒኒየን የምትባል ትንሽ ጥርስ አለች፤ እሷ ስትዞር ራኩ ወደ ግራና ቀኝ ይንሸራተታል። በሁለት ጫፉ የታሰሩት ታይሮዶች ጎማውን ይገፋሉ፣ ይስባሉ። ቪጎ ላይ የሚያግዝህ ዘይት ነው። ሞተሩ ፓምፑን ያዞራል፣ ፓምፑ ዘይቱን ይገፋል፣ ራኩ ውስጥ ያለው ፒስተን ደግሞ ዘንጉን ይነዳዋል።

ይሄ ጉልበት ቀላል አይደለም። እንዲህ ያሉ ፓምፖች እንደየመኪናው ከ70 እስከ 120 ባር ይደርሳሉ። ለምሳሌ 80 ባር 10 ካሬ ሴንቲሜትር በሆነ ፒስተን ላይ ቢያርፍ 8000 ኒውተን ይሆናል፤ 800 ኪሎ ሸክም በለው። ጎማህ በሁለት ድንጋይ መካከል ተቀርቅሮ ቆሞ ሳለ መሪውን ስታዞር፣ ያ ሁሉ ጉልበት በአንዲት ቀጭን ታይሮድ ውስጥ ያልፋል። መሪው በሁለት ጣት ስለሚዞር አንተ ምንም አይሰማህም። ታይሮዷ ናት የምታውቀው።

ለዚህ ነው ከመንገድ ውጪ የሚሄድ መኪና ላይ ማንኛውንም ነገር ከማጠናከሬ በፊት አንድ ጥያቄ የምጠይቀው፦ ነገሩ ሲጠና የቱ ቀድሞ ይሰበር? ታይሮድ ፊውዝ ነው። ቢታጠፍ ሁለት ቁልፍና አንድ መዶሻ ይዘህ፣ ትርፍ ካለህ ከኦሞራቴ መንገድ ዳር ሆነህ ትቀይረዋለህ። የራኩ ቤት ከተሰነጠቀ ወይም ከሻንሲው የሚይዘው ጆሮ ከተገነጠለ ግን ዘይቱ ሁሉ መሬት ላይ ነው። ያኔ ቱሪስትህን ይዘህ ጎታች መኪና ትጠብቃለህ። ታይሮዱን ሳትነካ ትልቅና ጉልበተኛ ራክ ብትገጥም ታይሮዱ ቶሎ ይታጠፋል። ታይሮዱን ከልክ በላይ አወፍረህ የድሮውን ራክ ብትተወው ደግሞ ጉዳቱ ወደ ራኩ ይሄዳል። ጉልበቱ የሆነ ቦታ መውጣቱ አይቀርም።

አሁን ወደ መኪናህ እንምጣ። ምንም ከመግዛትህ በፊት ከስር ግባ።

መኪናው በአራት ጎማው ደልዳላ ቦታ ይቁም። ሞተር ይጥፋ፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ የኋላ ጎማ ላይ ድንጋይ ይደረግ። ቁልፉን አንድ ደረጃ አዙረህ የመሪውን መቆለፊያ አስለቅቀው። ረዳትህ ጋቢና ይቀመጥና መሪውን በትንሹ ግራ ቀኝ ቶሎ ቶሎ ያወዛውዝ። ጎማው እንዲዞር አንፈልግም፣ ልቅ የሆነው ብቻ እንዲንቀሳቀስ ነው። አንተ ከላይ ጀምረህ ወደ ታች ውረድ። ከመሪው የሚወርደው ዘንግ ላይ ያለውን ክሮቼራ፣ ማለትም ዘንጉ የሚታጠፍበትን መጋጠሚያ፣ ያዘው። አንዱ ጎን ተንቀሳቅሶ ሌላው ከዘገየ ልቅነቱ እዚያ ነው፣ ራኩ ንጹሕ ነው። ይሄን ሳያዩ ራክ የቀየሩ ብዙ ናቸው።

ቀጥለህ የራኩን ቤት ተመልከት። ከሻንሲው ጋር በጎሚኒ (ንዝረት በሚውጥ የጎማ ማቀፊያ) ታስሯል። ረዳትህ መሪውን ባወዛወዘ ቁጥር ጠቅላላ ቤቱ ወደ ጎን ሸርተት የሚል ከሆነ ያለቀው ጎሚኒው ነው። በሽንሽን ጠጠር መንገድ ለዓመታት የሄደ ቪጎ ወይም ፕራዶ ላይ ይሄ የተለመደ ነው። መሪው የዘገየ ይመስልሃል። ታዞራለህ፣ መጀመሪያ ራኩ ራሱ ይሄዳል፣ ከዚያ ነው ጎማው የሚከተለው። «መሪው ተንቀራፈፈ» የሚሉት ብዙውን ጊዜ ይሄ ነው፤ መድኃኒቱም ከጎሚኒ አያልፍም።

ከዚያ ወደ ጫፎቹ ሂድ። በሁለቱም በኩል ቡት የሚባል የተጣጠፈ የአቧራ መከላከያ ጎማ አለ። መዳፍህ ውስጥ ጨመቅ አድርገህ ያዘው። የውስጠኛው ታይሮድ ኳስ ካለቀ በእያንዳንዱ ውዝወዛ ቀጭን ጠቅታ እጅህ ላይ ይመጣል። ጆሮህ ላይሰማው ይችላል፣ መዳፍህ ግን አይስተውም። ቀጥለህ ማሰሪያውን ፍታና ቡቱን ወደ ኋላ ሰብስበህ ጣትህን አስገባ። ግራሶ ብቻ ከሆነ ጥሩ ነው። ጭቃና ዝገት ካገኘህ ቡቱ የሆነ ቦታ ተቀዷል። ቀይ ዘይት በጣትህ ከወረደ ዘይቱን የሚያግደው የራኩ ጎማ፣ ሲል የሚሉት፣ ሄዷል፤ ክርክር የለውም። ሁለቱንም ጎን ክፈት፣ በአንዱ ብቻ አትፍረድ።

ዘይቱን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥህ። ከላይ ያለው የግፊት ቱቦ ሲያንጠባጥብ ዘይቱ ተንሸራቶ ራኩ ላይ ነው የሚያርፈው። ከስር ሆኖ ያየ ሰው ራኩን ይከሳል። ስለዚህ ሁሉንም በጨርቅ ጥረገው፣ አድርቀው፣ ሞተር አስነስተህ መሪውን ጥቂት ጊዜ አዙርና ባትሪ ይዘህ እርጥበቱ ከየት እንደጀመረ ፈልግ። ሁልጊዜ ከሁሉ በላይ ያለው እርጥብ ቦታ ነው ጥፋተኛው።

በመጨረሻ ፊቱን በክሪክ አንሳ። ጎማውን ከግራና ከቀኝ ይዘህ ስታወዛውዘው የሚንቀሳቀስ ከሆነ ነገሩ ከታይሮድ ወይም ከራክ ወገን ነው። ከላይና ከታች ይዘኸው ከተንቀሳቀሰ ቦል ጆይንት (ጎማውን ከላይኛውና ከታችኛው ክንድ ጋር የሚያያይዘው ኳስ) ወይም የጎማ ኩሽኔታ ነው። ቪጎ ላይ ያለቀ የታች ቦል ጆይንት ካየህ መኪናውን እዚያው አቁመው። ራክ ያስቸግርሃል፣ ቦል ጆይንት ግን ጎማ ገንጥሎ ይጥልሃል።

ይሄን ካየህ በኋላ ወደ ጎማና ቸርኬህ እንመለስ። ደስ የማይልህ ክፍል ይሄ ነው።

የቀድሞው ጎማህ ቁመቱ 777 ሚሊሜትር ገደማ ነበር። አዲሱ 834 ነው። ወደ 57 ሚሊሜትር ጨምረሃል። በዚህ ብቻ መኪናው 28 ሚሊሜትር ከፍ ብሏል፣ የፍጥነት መቁጠሪያህም 7 በመቶ ያህል ዝቅ አድርጎ ያነባል፤ 80 ሲልህ 86 ላይ ነህ። መሪውን በተመለከተ ግን ከቁመቱ ይልቅ የከፋው የቸርኬው ወደ ውጪ መውጣት ነው። ጎማ ሲታጠፍ የሚሽከረከርበት የማይታይ መስመር አለ፤ ከላይኛው ቦል ጆይንት ተነስቶ በታችኛው በኩል ወደ መሬት ይወርዳል። የጎማው መሐል ከዚያ መስመር በራቀ ቁጥር ድንጋይ ጎማውን የሚጠመዝዝበት ክንድ ይረዝማል። ቸርኬውን 3 ሴንቲሜትር ወደ ውጪ ስታወጣ ለእያንዳንዱ ድንጋይ የ3 ሴንቲሜትር ትርፍ ክንድ ሰጠኸው ማለት ነው። እጅህን የሚመታህ እሱ ነው። ታይሮዱንና የራኩን ጥርስም ቀን ከሌት የሚቀጠቅጠው እሱ ነው። የዓለም ጠንካራውን ራክ ግጠም፣ ይሄ ቸርኬ እስካለ ድረስ እጅህ መመታቱ አይቀርም።

እኔ ብሆን የፋብሪካውን ቸርኬ ወይም ልኩ ተመሳሳይ የሆነውን እመልሳለሁ። ሰፊው ጎማ በእሱ ላይ የላይኛውን ክንድ ወይም መከለያውን ይነካል ካልክ፣ ጎማው ለመኪናህ ትልቅ ነው ማለት ነው። 265/75 አር 16 ለኦሞም ለባሌም ይበቃል። አውቃለሁ፣ ቆሞ ሲታይ ትልቁ ያምራል። ባሌ ሳነቴ ላይ 4000 ሜትር ወጥተህ መሪው ሲያቃትት ግን ማማሩ አይታይህም።

መሪው ቀጥ ብሎ የማይሄደው ደግሞ፣ ምናልባት ከጎሚኒው ጋር ተዳምሮ፣ በማንሳቱ ምክንያት ነው። ገለጻው አጭር ነው። መሪህን ለቀቅ ስታደርገው ራሱ ወደ መሐል የሚመልሰው ካስተር የሚባለው የፊት እግር ወደ ኋላ ያዘነበለበት ልክ ነው። ፊቱን በስፔሰር ስታነሳ ካስተር ይቀንሳል። ካስተር ሲያንስ መሪው ቤቱን ይረሳል፤ አንተ ነህ በየደቂቃው የምትመልሰው። ቪጎ ላይ በታችኛው ክንድ ቡሎን ላይ ማስተካከያ አለ። ችግሩ ይሄ ቡሎን ጎሚኒው ውስጥ ካለው ብረት ጋር ዝጎ ይጣበቃል። አላይመንት ቤት ወስደኸው «አልዞር አለ» ብለው ቶውን (የሁለቱን ጎማዎች ወደ ውስጥና ወደ ውጪ ማየት) ብቻ አስተካክለው ከመለሱህ መሪህ ላይ ምንም አልተሠራም። ቡሎኑ ተቆርጦም ቢሆን ይውጣ፣ በአዲስ ይተካ። ማስተካከያው ጥግ ደርሶ ካስተሩ አሁንም ካልበቃ ሁለት መንገድ አለ፦ ማንሳቱን ወደ 3 ሴንቲሜትር ማውረድ፣ ወይም ለተነሳ መኪና ተብለው የተሠሩትን የላይኛ ክንዶች መግጠም። የመጀመሪያው ርካሽ ነው።

ስፔሰሩ ታይሮዶቹንም ወደ ታች አጋድሟቸዋል። ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ፣ ማለትም ክሪክ ላይ እያለ፣ መሪውን እስከ ጥግ ግራ፣ ከዚያ እስከ ጥግ ቀኝ አዙርና የውስጠኛውን ኳስ ተመልከት። ጥግ ላይ ሲደርስ ብረት ከብረት ከገጠመ ያ ኳስ በጉድጓድ መንገድ ራሱን እየሰበረ ነው። እዚህ ላይ ምንም ዓይነት ራክ መፍትሔ አይሆንም፣ መኪናው ነው መውረድ ያለበት።

እንግዲህ ሦስቱን አማካሪዎችህን እንስማ።

የቪኤይት ራክ ይገጠም ያለህ ሰው ክፉ አላሰበም። ወፍራም ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ሱማሌ ተራ ይገኛል። ችግሩ ውፍረቱ ላይ አይደለም፣ ርዝመቱ ላይ ነው። ራኩ ጫፍና ጫፍ ያሉት ኳሶች በዘፈቀደ የተቀመጡ አይደሉም። ታይሮዱ ከላይኛውና ከታችኛው ክንድ ጋር እኩል ቅስት እንዲሠራ ኳሱ ከክንዶቹ መታጠፊያ ጋር በልክ ተገጣጥሞ ነው የተሠራው። ለሰፊ መኪና የተሠራ ራክ ኳሶቹ ሌላ ቦታ ላይ ናቸው። ጆሮዎቹን በብየዳ አስተካክለህ ብትገጥመውና አላይመንት ቤት ማሽኑ ላይ ልክ ቢነበብ እንኳ፣ መንገድ ላይ ጎማው ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ራሱ ይታጠፋል። መሪውን ቀጥ አድርገህ ይዘህ ጉድጓድ ውስጥ ስትገባ መኪናው ወደ ግራ ይዘላል። እስከ 40 ድረስ ትለምደዋለህ። በ90 ከአይሱዙ ጋር ስትተላለፍ ግን ገዳይ ነው። በዚህ ላይ ሻንሲ ላይ የተበየደ የራክ ጆሮ እኔ አልነዳም፣ ቤተሰቤንም አላሳፍርበትም።

በነገራችን ላይ «ሃርድቶፑ ለምን አይቸገርም?» ብለህ ከጠየቅህ፣ ራክ ስለሌለው ነው። 70 ላንድክሩዘር ፊቱ ድፍን አክስል ነው፣ መሪውም በሳጥን ነው የሚሠራው። ድንጋዩን የሚቀበለው ወፍራም ዘንግ ነው። በአስፋልት ላይ ግን መሪው እንደ ቪጎ የሰላ አይደለም። ሁለቱንም ማግኘት አይቻልም።

ቶርኖ ቤት ያለህ ሰው ግማሽ እውነት አለው። ራክ ይታደሳል። ሲሎቹ በኪት ይሸጣሉ፣ ጥሩ ባለሙያ ከገጠማቸው ዓመታት ይሄዳሉ። ወሳኙ ግን ሲሉ የሚንሸራተትበት የዘንጉ ፊት ነው። ራኩ ሲፈታ ዘንጉን ጠርገህ ጥፍርህን ርዝመቱን ተከትለህ ጎትተው። ጥፍርህ ዝገት በበላው ጉድጓድ ወይም ጭረት ላይ ከተያዘ፣ አዲሱ ሲልም እዚያው ላይ ይቀደዳል። ኪቱን አትግዛ። ጥፍርህ ሳይያዝ ካለፈ፣ ጥርሱም መሐሉ ላይ ካልተበላ፣ ማደሱ ያዋጣል። ቶርኖ ቤቱ ራሱን የራኩን ጥርስ ወይም ዘንጉን በብየዳ ሞልቶ ሊያስተካክልልህ ከተነሳ ግን አመስግነህ ውጣ። ያ ብረት በልዩ ሁኔታ የጠነከረ ነው። በብየዳ ሲሞቅ ጥንካሬው ይጠፋል፣ ወይም ጫፉ ላይ ይሰባበራል። መሪ ላይ የሚሠራ ቁጠባ አይደለም።

ሌላም የሚሠሩት ነገር አለ። ዘንጉን ከጀርባው ወደ ፒኒየኗ የሚገፋ ማስተካከያ ቡሎን አለ። ራኩ ልቅ ሲሆን ያጠብቁታል፣ ደንበኛው ደስ ብሎት ይሄዳል። የራክ ጥርስ ግን እኩል አያልቅም። ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቀጥ ብሎ ስለሚነዳ የሚያልቀው መሐሉ ነው። መሐሉ ልቅ እንዳይሆን ስታጠብቀው ጫፎቹ ይነክሳሉ። መሪውን አዙረህ ስትለቀው አይመለስም። ጠባብ ኩርባ ላይ ተነክሶ ቀረ ማለት ምን እንደሆነ የሊማሊሞን መንገድ የሚያውቅ ሾፌር አይጠፋውም።

ዘመድህ የሚልከው የተጠናከረ ራክ ላይ ደግሞ ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት አንድ ቀላል ጥያቄ አለ፦ ለየትኛው ወገን መሪ ነው? አውስትራሊያ መሪው በቀኝ ነው። ታይላንድም፣ ጃፓንም፣ ኬንያም እንዲሁ። የእኛ በግራ ነው። የቀኝ መሪ ራክ ፒኒየኑ በሌላው ጎን ስለሆነ አይገጥምም፣ ቢገለበጥም አይሆንም። ለቪጎ ከሚሠራው የማጠናከሪያ ዕቃ ደግሞ ብዙው የሚመጣው ከእነዚህ አገሮች ነው። ታይሮድ፣ ጎሚኒ፣ የላይኛ ክንድ ከሆነ ምንም አይደለም፣ ይምጣ። ራክ ከሆነ ግን ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ብታስመጣ ይሻልሃል፣ እነሱ እንደኛ ግራ መሪ ናቸው። ከየትም ይምጣ፣ የሻንሲ ቁጥርህን ሳትልክ አትዘዝ። በፎቶ ተመሳስለው በርዝመትና በቱቦ ቀዳዳ የሚለያዩ ራኮች አሉ።

የተጠናከረ ራክ የሚባለው ነገር ከነጭራሹ ውሸት ነው እያልኩ አይደለም። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን የሚነዱት ፎርድ ብሮንኮ እ.ኤ.አ. በ2021 ገበያ ላይ ሲወጣ፣ ድንጋይ ላይ የሚወጡት ሰዎች ታይሮድ ያጥፉ ነበር። ፎርድ ለብሮንኮ ራፕተር ጠንካራ ራክና ወፍራም ታይሮድ አብሮ አወጣ፣ ለሌሎቹም ብሮንኮዎች የሚገጠም አድርጎ ሸጠው። ልብ በል፣ ራኩንና ታይሮዱን አንድ ላይ ነው ያወፈረው፣ ለዚያው መኪና ክንድ ተብሎ በተሰላ ልክ። አንዱን ከዚህ፣ ሌላውን ከዚያ አልቀላቀለም። ለቪጎ እንዲህ በሙሉ ልክ ተሠርቶ የመጣ ስብስብ ካገኘህ ስለ እሱ እንነጋገራለን። እስከዚያው የፋብሪካው ራክ በትክክል ከታሰረና ትክክለኛ ጎማ ከተሸከመ አንተ የምትሄድበትን መንገድ ይችላል።

ስለዚህ ቡቱን ከፍተህ ቀይ ዘይት ካገኘህና ዘንጉ ዝጎ ከሆነ፣ አዲስ ኦሪጅናል ራክ ግዛ። ለቶዮታ መሪ ከሚሠሩት ዋናዎቹ አንዱ ጄቴክት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ኮዮ ሴይኮና ቶዮዳ ማሽን ዎርክስ ተዋህደው የተፈጠረው ኩባንያ። ኮዮ የሚል ጽሑፍ ራክህ ላይ ብታይ እንግዳ አይሁንብህ። ኦሪጅናሉ ከአቅምህ በላይ ከሆነ ከታወቀ ቤት የታደሰ፣ ዋስትና ያለው ይሁን። ርካሹን አዲስ ራክ ግን እኔ በመጨረሻ ነው የማስበው። ያገለገለ ኦሪጅናል ብታገኝም ቡቱን ከፍተህ፣ ዘንጉን በጥፍርህ ሞክረህ፣ ከጥግ እስከ ጥግ በእጅህ አዙረህ እኩል መዞሩን አረጋግጥ።

ከተረፈህ ብር የውስጥና የውጪ ታይሮዶችን በአራቱም ጫፍ ለውጥ። 555 የሚባለው ጃፓን ሠራሽ ማርካ ጥሩ ነው። ግን የእሱን ካርቶን የለበሰ አስመሳይ ስላለ ከምታውቀው ሱቅ ግዛ። የራኩ ጎሚኒም አብሮ ይለወጥ፤ ራኩ አንዴ ስለወረደ ሥራው ያንኑ ያህል ነው። ፖሊዩረቴን የሚሉት ጠንካራው ዓይነት መሪውን በጣም ያሰላዋል። የጠጠሩን ንዝረት ግን ትንሽ ወደ እጅህ ያመጣል። ለቱሪስት መኪና የፋብሪካውን ጎሚኒ እመርጥ ነበር፣ በየሦስት ዓመቱ መቀየርን ካልጠላህ።

መግጠሙ ላይ ብዙ አላበዛም፣ መካኒክህ ያውቀዋል። ግን ሦስት አራት ነገር ቆመህ ተመልከት። የመሪው ዘንግ ከራኩ ከመለያየቱ በፊት መሪው ቀጥ ተደርጎ በመቀመጫ ቀበቶ ይታሰር። መሪው ከራኩ ተለይቶ በነጻ ከተሽከረከረ የኤርባጉና የጥሩምባው ሽቦ የሚያልፍበት ጥቅል ሽቦ ይበጠሳል፣ እሱ ደግሞ ርካሽ አይደለም። ዘንጉና ፒኒየኗ በቀለም ምልክት ይደረግባቸው። አዲሱ ራክ ከጥግ እስከ ጥግ ስንት ዙር እንደሆነ ተቆጥሮ መሐሉ ላይ ሆኖ ነው የሚገባው። የቱቦዎቹ ዋሸርና ኦሪንግ የድሮው አይመለስ። የታይሮዱ ዳዶ በልኩ ጠብቆ ኮፒሊያው (ዳዶው እንዳይፈታ የሚይዘው ሽቦ) አዲስ ይግባ።

የድሮው ዘይት ደግሞ ሁሉም ይውጣ። ፓምፑ ብረት እየፈጨ ከሆነ ያ ዱቄት ዘይቱ ውስጥ ነው። አዲሱን ራክ በወሩ የሚገድለው እሱ ነው። የወጣውን ዘይት በነጭ ዕቃ ተቀብለህ በፀሐይ እየው። የሚያብረቀርቅ ነገር ካለ ፓምፑም ይታይ። የሚገባው የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነው፣ ዴክስሮን 2 ወይም 3፤ የሞተር ዘይት አይደለም። አየሩ የሚወጣው መጀመሪያ ሞተር ሳይነሳ ነው። ፊቱ ክሪክ ላይ ሆኖ መሪው ቀስ ብሎ ከጥግ ጥግ ይዞራል፣ ዘይቱ እየተሞላ። ሞተር አስነስቶ በፍጥነት ማዞር ዘይቱን አረፋ ያደርገዋል፣ ፓምፑም ይጮኻል።

አላይመንት ከመግባትህ በፊት መከላከያ ብረቱም፣ ዊንቹም፣ ሁልጊዜ የምትጭነው ዕቃም መኪናው ላይ ይሁን። ባዶውን ተስተካክሎ ተጭኖ የሚሄድ መኪና ጎማ ይበላል። ጎሚስታህ ጋ ሄደህ ጎማውን በሁለቱም በኩል እኩል አስነፋ፣ ከዚያ ነው ማሽኑ ላይ የምትወጣው። ሠራተኛው ወረቀቱን ሲሰጥህ ቶውን ብቻ አትይ፣ የግራና የቀኝ ካስተር ስንት እንደሆነ ጠይቀው። ከ500 ኪሎሜትር በኋላ ደግሞ ከስር ገብተህ ቡሎኖቹን ንካ፣ የዘይቱንም ልክ እይ።

ስለ አነዳድ ሁለት ነገር ብቻ። መሪውን ጥግ አድርሰህ አትያዘው። ጥግ ላይ ፓምፑ ሙሉ ግፊቱን ነው የሚያሰማው፣ ዘይቱም ይፈላል። ከባሕር ወለል በታች 100 ሜትር ገደማ በሆነው ዳሎል ሜዳ ሙቀት ላይ ደግሞ ይሄ ቀልድ አይደለም። አፋር የምትመላለስ ከሆነ መመለሻው ቱቦ ላይ ትንሽ የዘይት ማቀዝቀዣ መጨመር ይጠቅማል። ሁለተኛ፣ ጎማው በድንጋይ ከተያዘ ቆመህ በመሪ አትታገለው። ትንሽ ወደ ኋላ ለቀቅ አድርገው፣ ጎማው እየተንከባለለ አዙር። አውራ ጣትህም ከመሪው ውጪ ይሁን።

መኪናው ላይ አንድ የውስጥና አንድ የውጪ ታይሮድ፣ ኮፒሊያ፣ አንድ ሊትር ዘይትና የሚገጥሙ ቁልፎች ሁልጊዜ ይኑሩ። ታይሮድ ታጥፎ ትርፍ ከሌለህ ቀዝቃዛውን በመዶሻ አቃንተህ በ20 በ20 እየነዳህ እስከሚቀርብህ ከተማ ድረስ ማምጣት ይቻላል፣ ከዚያ በላይ ግን አይነዳም። በእሳት ማሞቅ የለም። መበየድ የለም።

ቅደም ተከተሉን ከፈለግህ፣ ነገ ቡቱን ክፈት፣ በሳምንቱ ቸርኬውን መልስ። የኳኳታውን ምንጭ ይዘህ ጎሚኒና ታይሮድ አስለውጥ፣ ካስተሩን አስተካክለህ አንድ ወር ንዳው። ዘይቱ ከቱቦ ከነበረ ራክ ላያስፈልግህ ይችላል። ከሲል ከሆነ ደግሞ ዘንጉን በጥፍርህ ሞክረህ ያገኘኸውን ጻፍልኝ፣ ከሻንሲ ቁጥሩ የመጀመሪያ ፊደሎች ጋር። የትኛውን ራክ እንደምታዝ ያኔ በስም እነግርሃለሁ።